ያላዩትን አይጫኑ

ስሟን የሚጠራ የለም፤ ካርድ ክፍሉም ዘበኛውም «እትዬ ብልጭታ» ይሏታል። ዓይን ክሊኒካችን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የግላኮማ በሽተኞችን ማሽን ፊት ስታስቀምጥ ጠዋት ማታ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ፊት ለፊት ይዩ፤ ጎን ላይ ብልጭ ሲል ይጫኑ። ያላዩትን አይጫኑ!» ለእኔም ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ከነቁጣዋ።

ማሽኑ ዓይን ዙሪያውን ምን ያህል እንደሚያይ ይለካል። የዓይኑ ነርቭ የተጎዳ ሰው ብልጭታው በአንድ ወገን ይጠፋበታል፤ መጥፋቱን ግን አያውቅም። ስለዚህ በማሽኑ ያሳብባል፦ «እህቴ፣ ማሽኑ ቆመ እንዴ?» እትዬ ብልጭታ ያን ጊዜ ቁጣዋ ሁሉ ይበርዳል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ትንሽ ነው የቀረው» ትላለች።

እኛ ሠራተኞችም በየዓመቱ እንመረመራለን። የእሷ ውጤት ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ በዚያ ጉራዋን ትነዛብናለች። ዘንድሮ ግን አዲሱ ዶክተር የማሽኑን ወረቀት ወደ ጎን ገፋ አድርጎ በማጉያ የዓይኗን ነርቭ ጫፍ አየ። እንደገና አየ።

«መሐሉ ተቦርቡሯል» አላት። «እንዲህ ያለ ነርቭ ይዘው ይሄን የመሰለ ውጤት አይመጣም። ምን ያህል እንደተጎዳ ካላወቅኩ ጠብታ ይብቃዎት ቀዶ ጥገና ያስፈልግዎት መወሰን አልችልም። የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም።»

«የትናንት ልጅ!» እያለች ወጣች። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። ያ አሮጌ ማሽን ከማብራቱ በፊት ቀጭ ይላል። ሳያይ የሚጫነውን ለመያዝ አንዳንዴ ሳያበራም ቀጭ ይላል፤ ያኛው ድምፅ ትንሽ ይቀጥናል። ይህን የሚለይ ጆሮ ካለ የእሷ ብቻ ነው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ፈተናውን ያለፈው ጆሮዋ ነበር። ለተንኮል ብላ አይደለም፤ አውራ ጣቷ ሳታዘው ይጫናል።

«እትዬ፣ እንደገና እንሥራው። ጆሮሽ ላይ ጥጥ ላድርግልሽ» አልኳት።

አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ቀስ በቀስ ገባት መሰለኝ፣ ጥጡን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ወተፈችው። አገጯን ማረፊያው ላይ አድርጋ ቁልፉን ያዘች።

መብራት አጥፍቼ ግራ ዓይኗን ሸፈንኩ። መጀመሪያ ላይ ደህና ትጫን ነበር። ብልጭታው ወደ ላይኛው ወገን ሲሄድ አውራ ጣቷ ቀጥ አለ። በልቤ «ተጫኚ፣ በናትሽ ተጫኚ» እላለሁ። ያላየችውን እንድትጫን ለመንኳት፣ እኔ ራሴ።

«ማሽኑ ቆመ እንዴ?» አለች፤ ጆሮዋ ስለተደፈነ ጮክ ብላ።

መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለቱን አላቋረጠም። ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ «ትንሽ ነው የቀረው» አልኳት።

አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳረፈ ቆየ።

«እሱን እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አለች፣ ዓይኗን ፊት ለፊት ካለው ነጥብ ሳትነቅል።