ኳሱ ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው

ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ፖሊሶች ከባጃጅ አወረዱኝ። ቦርሳዬን ፈተሹ፣ ደብተሬን ገለጡ፣ ከዚያ እኔን ወሰዱኝ። ያሰሩኝ ክፍል እርጥብ ሲሚንቶና ሽንት ይሸታል። ቀድመውኝ የታሰሩት፣ ወርቃ በሚባል ቦታ ቡና ማጠቢያ የሚሠሩ ሴትዮ፣ የሚተኙበትን ካርቶን ቀደው አካፈሉኝ።

"ምን አድርገሽ ነው ልጄ?"

"ኳስ ስዬ፣ እትዬ።"

"እኔስ ስብሰባ ላይ ተናግሬ ነው። አንቺ ጭራሽ በኳስ!" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ጠዋት መርማሪው ደብተሬን ዘረጋው። የመመረቂያ ጽሑፌ ነበር፤ የሚሾር ኳስ አየር ላይ ለምን እንደሚታጠፍ።

"እነዚህ አምስት ነጥቦች እነማን ናቸው?"

"ተጫዋቾች ናቸው። ቅጣት ምት ሲመታ የሚደረደሩት።"

"ዘበኞች ናቸው። ይሄ ቤትስ?"

"ጎል ነው።"

"ጥይት በዘበኛ ዞሮ በር እንዲመታ ነው ያሰላሽው። ሞኝ መሰልንሽ?"

ላስረዳው ሞከርኩ። ከላይ ሲያዩት ወደ ግራ የሚሾር ኳስ አየሩን ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ አየሩም መልሶ ኳሱን ወደ ግራ ይገፋዋል። ድምፄ አልወጣም። ክፍል ውስጥም እጄን አውጥቼ አላውቅም።

በስሜ የተጻፈ የእምነት ቃል አቀረበልኝ። "ፈርሚና ዛሬውኑ እናትሽ ጋ ሂጂ።"

ከሥሩ ሥዕሌን ገልብጠውታል። ከነጥቦቹ ጎን "ዘበኞች" ይላል። በእነሱ ቀስት ኳሱ ወደ ግራ ይሾራል፣ ግን ወደ ቀኝ ይታጠፋል።

ወረቀቱን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ፍርሃት መስሎት ፈገግ አለ። ንዴት ነበር። ሕይወቴን ሊቀሙኝ ሲነሱ አንዲት ቀስት እንኳ በትክክል ለመገልበጥ አልደከሙም።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። "ዘበኞች" የሚለውን ሰርዤ "ተጫዋቾች" ብዬ ጻፍኩ። ቀስቱንም አረምኩ። ፊርማው ቦታ ላይ ምንም አላኖርኩም።

"ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው" አልኩት። ጮክ ብዬ።

"እንግዲያው እዚሁ ሹሪ!"

አሥራ አንድ ቀን ጨመሩልኝ። እትዬ ካልሲዬን በጨርቅ ጠቅጥቀው ኳስ ሠሩና "በይ አሳዪኝ" አሉ። አሹሬ መታሁት። ቀጥ ብሎ ሄዶ ግድግዳውን መታ።

"የታለ መታጠፉ?"

"ርቀት ይፈልጋል፣ እትዬ። ክፍሉ ጠበበው።"

"መጥበቡንስ ለእኔ አትንገሪኝ።"

አሁን ይርጋጨፌ ፊዚክስ አስተምራለሁ። እዚህ ትምህርት ላይ ስደርስ አምስት ነጥብ እስላለሁ፤ ጠመኔው እጄ ላይ ይሰበራል። ተማሪዎቼ ለምን እንደሆነ አያውቁም። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ይቅር አላልኩም። ደብተሬን አልመለሱልኝም። ያረምኩት ወረቀት ግን እነሱ ጋ አለ፤ ቀስቱ ወደ ግራ፣ የፊርማው ቦታ ባዶ።