አባቴ እጁን የዘረጋበት ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ አሥር ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። አርባ ምንጭ ያሉ ዘመዶቼ ታሪኩን የሚያውቁት በሌላ መልኩ ነው፤ አባቴ እንደዚያ አድርጎ ነግሯቸዋል። እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝምታው ስለከበደኝ ነው አሁን እውነቱን የምጽፈው።

የምኖረው ኦስሎ፣ ግሮሩድ ነው። ሥራዬ እዚህ ሲከየም በሚባለው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነርስነት ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና መካኒክ ሲሆን ለሦስት ወር ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር።

ስለ እኔና ስለ እሱ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም። አባቴ የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበርተኛ፣ አንድም ጾም የማይገድፍ ኦርቶዶክስ ነው። እኔ ሐዋሳ ነርሲንግ ስማር ጴንጤ ሆንኩ። በሰማ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገረኝም። ኋላ እናቴ ስትታመም ታረቅን፤ ሃይማኖትን ግን ላናነሳ ሳንነጋገር ተስማማን። ኦስሎ ከመጣም በኋላ እኔ ማዕድ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ እሱ አማትቦ ይጨርስና ወጡ እየቀዘቀዘ መሆኑን እየሳለ ያስታውሰኛል።

እኔ ግን በውስጤ አልተውኩትም። አሥራ ሁለት ዓመት የጸለይኩት አንድ ነገር ነው፤ አባቴ አንድ ቀን እጁን ዘርግቶ ከእኔ ጋር ሲያመልክ ማየት። የጸሎት ቡድናችን በሙሉ ይህን ያውቃል።

ቤተ ክርስቲያናችን በየበጋው አንድ ቀን በጀልባ ወደ አንድ ደሴት ይሄዳል። ትንሽ ወደብ አለው፤ በዙሪያው ቢጫና ነጭ የእንጨት ቤቶች አሉ፤ ከቤቶቹ ጀርባ ደግሞ የባሕር ዳርቻው ነው። እዚያ ሥጋ ይጠበሳል፣ ልጆች ይጫወታሉ፣ የሚጠመቁ ሰዎች ካሉም ባሕሩ ውስጥ ይጠመቃሉ። አባቴን አብሮኝ እንዲሄድ ስጠይቀው እምቢ ይላል ብዬ ነበር። "ጀልባውን ልይ" ብሎ መጣ።

ቀኑ ኖርዌይ ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ሙቀት ነበረው። ዳርቻው ጢም ብሏል። ልጆች ከወደቡ የእንጨት መድረክ ላይ እየተንደረደሩ ይዘላሉ፣ ወጣቶች ሙዚቃ ከፍተዋል፣ ትልልቆቹ ደግሞ ከዓሣ አጥማጅ ጀልባ የገዙትን ሽሪምፕ በወረቀት ከረጢት ይዘው ዓለቱ ላይ እየላጡ ይበላሉ። አባቴ ቆሞ አያቸውና ትል ነው እንዴ የሚበሉት አለኝ። አይደለም፣ የባሕር እንስሳ ነው ስለው "እግሩን ቆጥሬዋለሁ፣ አታታልዪኝ" ብሎ አለፈ።

ሦስት ሰዎች ሊጠመቁ ተዘጋጁ። አባቴ ራቅ ብሎ አንድ ዓለት ላይ ተቀመጠ፤ አንዴ ቀና ብዬ ሳየው ሱሪውን አውልቆ በገዛሁለት ቁምጣ ቀርቷል። ሄጄ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ደግሞም ድንገት ይጠልቃል አልኩት። የጫሞ ሐይቅን አዞ ሳይፈራ ያደገ ሰው የእናንተን ውኃ አይፈራም ብሎ አሾፈብኝ። እግሩን ብቻ የሚነክር ስለመሰለኝ ተመለስኩ።

ፓስተሩ የመጀመሪያዋን ልጅ ይዞ ገባ። እኛ ውኃው እስከ ጉልበታችን ደርሶ እጃችንን አንስተን እንዘምራለን። ያኔ ወደ ቀኝ ዞር ስል አባቴን አየሁት። ከእኛ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ ውኃው አንገቱ ደርሷል። ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቷል። ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጓል። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

የሚዘምር መሰለኝ።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አጠገቤ የቆመችውን ጓደኛዬን ሶስናን ክንዷን ይዤ አባቴን እዪው አልኳት። እሷም አይታ "አዎ፣ በመንፈስ ተነካ። አልኩሽ አይደል፣ ጌታ ጊዜ አለው" አለችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ እሱም እንዲያየኝ ብዬ ሁለት እጄን ከፍ አድርጌ ወደ እሱ ዘረጋሁና ድምፄን ጨመርኩ። አዝማቹን ሁለት ጊዜ አልነው። ያን ያህል ጊዜ ቆሜ አየሁት።

አንዲት ነጭ ሴት ትከሻዬን ገጭታኝ በአጠገቤ ሮጠች። ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር ሽበት ፀጉር ያላት ሴት ናት፤ ቅድም ሽሪምፕ ስትልጥ አይቻታለሁ። ከእንጨት ላይ የሚሰቀለውን ቀይና ነጭ የመንሳፈፊያ ጎማ ይዛለች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ፕሮግራሙን ልትረብሽ መስሎኝ ተቆጣሁ። ወዴት እንደምትዋኝ ሳይ ነው የገባኝ። የአባቴ ፊት እዚያ አልነበረም፤ የሚታየው አንድ እጁ ብቻ ነው።

ጎትታ ስታወጣው ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ያኔ ነርስነቴ መጣ። በጎኑ አስተኛሁት፣ የጠጣውን ውኃ አስወጣነው፣ ሲያስለውና ሲተነፍስ ሰማሁ። ሴትየዋ ፎጣዋን አለበሰችው። የአምቡላንስ ጀልባ እስኪመጣ ድረስ እኔ "አባዬ፣ አባዬ" እያልኩ እጁን ይዤ ቆየሁ። ዝማሬው መቼ እንደቆመ እንኳ አላውቅም።

በየዓመቱ ሥራ ቦታችን የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ እንወስዳለን። ሰው ሲሰምጥ አይጮኽም፣ እጁን አያወዛውዝም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው ተብለን ተምረናል። እኔ ራሴ ለአዲስ ሠራተኞች ይህንኑ አስረድቻለሁ። የማላውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ እለየው ነበር ብዬ አምናለሁ። አባቴን ግን እንዳለ ሳይሆን እንደተመኘሁት አየሁት።

ሆስፒታል ለክትትል አሳደሩት። በማግሥቱ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ደህና መስሎ ተቀምጦ ነበር። እኔ ትራሱን አስተካክላለሁ፣ ብርጭቆውን አነሳለሁ፣ ዓይኑን ግን አላየውም። እሱ ነው የጀመረው።

"እጅሽን ስታነሺ አይቼሻለሁ" አለኝ። "አየችኝ፣ መጣችልኝ ብዬ በረታሁ።"

ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። ሌላ ነገር ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የሆነውን እንዳለ ነገርኩት፤ የመሰለኝን፣ ከሶስና ጋር ማልቀሴን፣ ድምፄን መጨመሬን። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"የምጸልይ መሰልኩሽ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"ጸልያለሁ እኮ" አለ። "ጊዮርጊስን ጠርቻለሁ፣ ሚካኤልን ጠርቻለሁ፣ እመቤቴን ጠርቻለሁ። ከሁሉም በፊት ግን የጠራሁት አንቺን ነው።"

እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። እሱ ራሴን እየዳበሰ ሰው ሰማን፣ ነርሷ ትመጣለች ይለኛል።

ከሳምንት በኋላ ሴትየዋን ልናመሰግን ድፎ ዳቦ ይዘን ወደ ደሴቱ ተመለስን። ቤቷ ወደቡ ዳር ነው። መጀመሪያ እሷም የጸሎታችን ክፍል መስሏት እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ግን አፉ ሲከፈት ውኃ ሲገባበት አይታ ተነሣች። የተለየ ነገር አላደረግሁም አለች። ከዚያ ሽሪምፕ አቀረበችልን። አባቴ ሳህኑን አየ፣ እሷን አየ፣ አማተበና ሁለት በላ። ስንመለስ ጀልባው ላይ "የንስሐ አባቴ እንዳይሰሙ" ብሎ አስጠነቀቀኝ። እዚህ መጻፌን ይቅር ይበለኝ።

አገሩ ከገባ በኋላ አክስቴ ደውላ ስታመሰግነኝ ግራ ገባኝ። ለካ አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ፣ ለጽዋ ማኅበርተኞቹም ጭምር "ልጄ ናት ከባሕር ያወጣችኝ" እያለ አውርቷል። ያቺን ሴት አንድም ቦታ አላነሳትም። ደወልኩለትና ለምን እንደዚያ እንዳለ ጠየቅሁት።

"ጴንጤ ሆነች ብለው ስንት ዓመት ሲያሙሽ ኖረዋል" አለኝ። "አሁን ደግሞ ይመርቁሽ። ደግሞም መጥተሻል እኮ፣ ትንሽ ዘገየሽ እንጂ።"

አባቴ እስካሁን ኦርቶዶክስ ነው፤ እኔም ያለሁበት ነኝ። እንዲድንልኝ የምጸልየውን ጸሎት አልተውኩም፤ ግን እጁን እንዴት እንዲዘረጋ ለእግዚአብሔር መንገር ትቻለሁ።

እሁድ እሁድ አዳራሻችን ውስጥ እንደ ድሮው እዘምራለሁ። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱን ቀና አድርጎ ሲያለቅስ ሳይ ግን "ተነካ" ብዬ አላልፍም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ጠጋ ብዬ ደህና መሆኑን እጠይቀዋለሁ። ብዙዎቹ ደህና ናቸው። አንዳንዶቹ ግን አይደሉም።