ፎገራ የማታውቀው የአስመራ ልጅ

ዘንድሮ በገና ማግስት በዓለም ባንክ ሰፈር በኩል ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ዳር የተጣለ የበግ ቆዳ ሸተተኝ። ዛሬ ቆዳ የሚገዛ ስለጠፋ ሰው አርዶ፣ ገፍፎ፣ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ጥሎት ይሄዳል። አብሮኝ የነበረው ሰው አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን፣ አትሳቅብኝና፣ ቆሜ አሸተትኩት። ያ የስብና የጨው ሽታ ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ አሥራ ስድስት ዓመቴ ይወስደኛል።

ያኔ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ግቢ፣ ከሰርቪስ ቤቶቹ በአንዷ፣ ከአስመራ የመጡ እናትና ልጅ ተከራይተው ገቡ። እናትየው አዲስ አበባ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኛ ይበልጥ ነበር። ልጅቷም ከእሳቸው ተምራ ረጋ ብላ፣ ቃሉን ሳትውጥ ትናገራለች። እኩያዬ ናት። ስታዳምጥህ ዓይን ዓይንህን እያየች ነው። እኔ ደግሞ የሰፈሩ ፎጋሪ ነበርኩ። ፊቴን ሳልፈታ የሌለ ነገር እነግርሃለሁ፣ ታምናለህ፣ ከዚያ ሰፈርተኛው ይስቅብሃል። ችሎታዬ ይኸው ነበር፤ ሌላ አልነበረኝም።

በገና ማግስት አከራያቸው የበጉን ቆዳ በሩ አጠገብ ዘርግተው ጨው ነስንሰውበታል። ልጅቷን ጠራኋትና "እዚህ አገር አዲስ የገባ ተከራይ፣ ገዢው እስኪመጣ ድረስ ቆዳውን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ካልሆነ ለግቢው ጥሩ አይደለም" አልኳት።

"እውነትህን ነው?"

"እናቴን!"

ዱካ ይዛ ወጣች። ነጭ የበዓል ቀሚሷን እንደለበሰች፣ በቅጠል ዝንቡን እሽ እያለች፣ ውሻ እያባረረች፣ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠች። ጥር ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ያች ለስላሳ ፀሐይ በአጥሩ ቆርቆሮ ሽንቁር አልፋ ቀሚሷ ላይ ትንንሽ የብርሃን ነጠብጣብ ትሠራ ነበር። እኔና የሰፈሩ ልጆች ከአጥሩ ጀርባ በሳቅ ፈረስን። ቆዳ ገዢው "የበግ ቆዳ! የፍየል ቆዳ!" እያለ ሲመጣ ተነሥታ በሁለት እጇ አስረከበችው።

እናቴ ስትሰማ ጆሮዬን ይዛ ወሰደችኝ። "እንግዳ ላይ ይቀለዳል? አንተ ዓይን አውጣ! በል ይቅርታ ጠይቃት!" ጠየቅኩ። ልጅቷ አልተቆጣችም። ጥቂት አሰበችና "እሺ፣ የቱ ጋ ነው የሚሳቀው?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት መልስ በራቸው ላይ እየተቀመጥን ፎገራ አስተምራት ጀመር። አሁን ያ ግቢ ፎቅ ሆኗል፤ በሩ የት ጋ እንደነበር እንኳ ይጠፋብኛል። እሷም የእነሱን ቤት ቀልድ ነገረችኝ። አስመራ እያሉ በገና ማግስት ዘመድ ቤታቸው ይሰበሰብና አባቷ ቀልድ ያወሩ ነበር። ቀልዱን ሳይጀምሩ ራሳቸው ስለሚስቁ፣ ቀልድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

"ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጨዋታው?" አልኳት።

"አባቴ አንድም ቀን ጨርሶልን አያውቅም። መሀል ላይ ሳቁ ያሸንፈዋል" አለች። አባቷ እዚያው ቀርተዋል። ከሳቸው የተማረችው ሳይስቅ የሚናገር ሰው እውነቱን እንደሆነ ነው። እኔ ጋ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኮስተር ያለ ሰው ሳይ ነው የምጠረጥረው።

ለጥምቀት ወንዱ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል ብዬ ስነግራት ጭራሽ አላመነችኝም። "ይሄስ ፎገራ ነው! አሁን ገብቶኛል!" ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ብምል ብገዘት ወይ ፍንክች። እውነቴን ነበር እኮ። ወድጃት ነበር፤ ለማን እንደምወረውርም አውቅ ነበር።

ጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት፣ እዚያው በራቸው ላይ ተቀምጠን ድንገት "ነገ እንሄዳለን" አለችኝ። "ካናዳ። የመሄጃ ወረቀታችን አልቆልናል። እናቴ ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።"

ፊቷ ላይ ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም። እኔ ሆዬ ጭኔን እየመታሁ ሳቅኩ። "አንደኛ! በቃ ተመርቀሻል!"

ትክ ብላ አየችኝ። "ልትሸኘኝ አትመጣም?"

"ምን ነካሽ! ሻንጣሽን የምሸከመው እኔ ነኛ" አልኳት፣ እኔም ፊቴን ሳልፈታ።

"እሺ" አለች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ከጓደኞቼ ጋር ጦር ኃይሎች ወርጄ ስዞር አመሸሁ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስመለስ አከራያቸው በር ላይ ቆመዋል።

"የት ጠፍተህ ነው አንተ ልጅ?" አሉኝ። "ልጅቷ እዚህ ሻንጣዋን አቁማ ስትጠብቅህ! ላዳ ታክሲው ወደ ውስጥ አልገባም ብሎ አስፋልት ላይ ቆሟል፣ እናቷ እንሂድ ይሏታል፣ እሷ 'ይመጣል፣ እሱ ነው የሚሸከመው፣ ነግሮኛል' ትላለች። ላግዝሽ ብላት አላስነካም አለች። ሰዓቱ ሲደርስባቸው ብቻዋን እየጎተተች ሄደች።"

እየፎገሩኝ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። እትዬ ግን በሕይወታቸው ቀልደው አያውቁም።

አቧራው ላይ የሻንጣው ጎማ ሁለት ቀጭን መስመር ጥሎ ነበር። ተከተልኩት። ሱቁ ጋ ታጠፈ፣ ድልድዩ ጋ ሲደርስ የሰው እግር ረግጦታል፣ ከዚያ እንደገና ታየ። አስፋልቱ ጋ አለቀ። የታክሲ ረዳቶቹ "ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!" እያሉ ይጣራሉ። ጎረምሳ ነበርኩ፣ አላለቀስኩም ብልህ ደስ ባለኝ። ግን አንተን አልፎግርህም፤ እዚያው ፌርማታው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አለቀስኩ።