ክታብ የምታድለው ነርስ

ሄርማታ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። አንገት ላይ የተንጠለጠለ ክታብ ሳይ ደሜ ይፈላል። ታዲያ ባለፈው የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጄ ነቢል እየተቅለሰለሰ መጣና፣ «አባ፣ ነገ ትምህርት ቤት ነርስ መጥታ ክታብ ትሰጠናለች። ትፈቅዳለህ?» አይለኝም?

«አስተግፊሩላህ፣ ደግሞ ነርስ ክታብ ጀመረች?»

በነጋታው መቀሴን ጥዬ በባጃጅ ከነፍኩ። ነርሷን ተማሪው ሁሉ ፊት፣ «ክታብ ሐራም ነው፤ አንቺ የተማርሽ ሰው አይደለሽም ወይ?» እያልኩ አፋጠጥኳት። እሷም፣ «አባቴ፣ ክትባት እኮ ነው» ብላ መርፌውን አሳየችኝ። ተማሪው አውካካ።

ወደ ልጄ ዞርኩ። «ክትባት ማለት አቅቶህ ነው?»

«አላቃተኝም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ክታብ ካልኩህ ትከለክለኛለህ ብዬ ነው። መርፌ እፈራለሁ።»

ይህን የሚለኝ ልጅ እኮ በመርፌ ያሳደግኩት ነው።