የአሻግሬ አካፋ ጥርስ ሲያወጣ

አሻግሬን ዳባት ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ «ለምኔ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ ናቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን «ለምን ከ‹ሀ› እንጀምራለን?» ብሎ ቢጠይቃቸው አለንጋቸውን አነሡ፤ ወዲያው ሳቃቸው መጣና አለንጋው እጃቸው ላይ ቀረ። ልጁ አድጎ፣ አግብቶና ወልዶም ጠባዩ አልለቀቀውም። ሌላው ሰው የተበላሸ ሰዓቱን ሰጥቶ ይሄዳል፤ አሻግሬ ግን ከሰዓት ሠሪው አጠገብ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል።

ገበሬ ነበር፤ ያውም ትልሙ የሚያምርለት ገበሬ። አንድ ዓመት ተዳፋት ላይ ሲያርስ ቦራ የሚባለው በሬው ተንሸራቶ እግሩ ላይ ወደቀበት። ወጌሻው አጥንቱን ገጠመለት፤ እግሩ ግን አጠረ። በአጭር እግር እርፍ ጨብጦ በሬ ሲከተሉ መዋል አይቻልም። በሬዎቹን ለወንድሙ ሰጠ። የእርሻ ወራት ሲመጣ ወንዶቹ ጅራፋቸውን ይዘው ሲወጡ እሱ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ያያቸዋል። ያፍር ነበር። ያላጠፋውን ጥፋት ያፍር ነበር።

ኋላ የገበሬዎች ማኅበሩ ከፊቱ ሰፊ አካፋ የተገጠመለት ትራክተር አገኘ። ማን ይንዳው ሲባል እጁን ያወጣ አሻግሬ ብቻ ነበር። ጎንደር ወርዶ ሠለጠነ፤ አሠልጣኙ ስለ ጥያቄዎቹ ዛሬም ሳያወራ አይቀርም። አሻግሬ መቀመጫው ላይ ሲወጣ የእግሩን ማጠር የሚያይበት የለም። እንደገና ከገበሬ ተቆጠረ።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ማኅበሩ ለከብቶቹ ኩሬ ይቆፈር አለ። የትራክተሩ አካፋ እህል ሲዝቅና ፍግ ሲጠርግ የሚስተካከለው የለም። የኩሬው ቦታ ግን ጭንጫ ነው፤ ልሙጡ የአካፋ ከንፈር ላዩን ላሰው እንጂ አልሰነጠቀውም። ጎማው ተሽከረከረ፣ አቧራው ተነሣ፣ መሬቱ ንቅንቅ አላለም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ገበያነሽ ነጠላቸውን አደግድገው ቆመው ሲያዩ ዋሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ጠጋ አሉ።

«አሻግሬ ልጄ፣ የቆላ ሰሊጥ አራሾች ትራክተሩን ለምነውናል። ኩሬ ካልቆፈረልን እዚህ ተገትሮ ምን ይሠራልናል? ደግሞ የራሳቸው ሹፌር አላቸው።»

«ሹፌር አላቸው» የሚለው ነገር ከነከነው። ትራክተሩ ከሄደ እሱ ወደ አጥሩ ሥር ነው የሚመለሰው።

«እትዬ፣ ትንሽ ቀን ይስጡኝ። ለምን እንደማይገባለት ልወቅ» አላቸው።

ብረት ሠራተኛ ሊያማክር ደባርቅ ለመሄድ አውቶቡስ ተሳፈረ። መንገድ ዳር ኤክስካቫተር ቦይ ሲቆፍር አየና «ወራጅ አለ!» ብሎ መንገደኛው እያጉረመረመ ወረደ። የማሽኑ ሹፌር ለምሳ ወርዶ ነበር። አሻግሬ የማሽኑን አካፋ ጥርሶች አንድ በአንድ እየዳሰሰ ከንፈሩ ስለምን ልሙጥ እንዳልሆነ ጠየቀው፤ የራሱንም ትራክተር ሥራ ነገረው።

«ጉልበቱ በረጅም ከንፈር ላይ ከተበተነ መሬቱ ይስቅበታል፤ ጥርስ ጫፍ ላይ ከተሰበሰበ ግን ይገባል። ላንተም በያጅ ይበይድልሃል» አለው ሹፌሩ፤ ጎርሶ ሲጨርስ ደግሞ «ግን በዚያው አካፋ እህል ትዝቅ የለም እንዴ?» ብሎ ጨመረ።

አሻግሬ ይህን አላሰበውም ነበር። ጥርስ ያወጣ አካፋ አውድማ ላይ ገብቶ እህሉን ከአፈር ጋር ሊቆፍረው ነው። የቀረውን መንገድ በባጃጅ ሲሄድ ይህንኑ ሲያወጣና ሲያወርድ ደረሰ።

ደባርቅ ላይ ሀብተ ሚካኤል የሚባል በያጅ አለ። ብረት ሲያይ ፊቱ የሚበራ ሰው ነው። «ከንፈሩ ላይ በይጄ አሁን እሸኝሃለሁ» አለ።

«ለምን ከንፈሩ ላይ?»

«በያጅ ነኛ፤ ሌላ ምን ላድርግ?»

አሻግሬ ግን በመንገድ ላይ ያሰበውን አወጣ። ጥርሶቹ በአንድ ወፍራም ብረት ላይ ይደርደሩ፤ ብረቱ ደግሞ ከአካፋው ግራና ቀኝ ጎኖች ጋር በቡሎን ይታሰር። ቁፋሮ ሲሆን ይገጠማል፤ መኸር ሲደርስ ይፈታል። ሀብተ ሚካኤል ራሱን አከከ፣ ቆይቶም ወደደው። ጥርሶቹ ለሚደረደሩበት መደብ ከአሮጌ መኪና የወጣ ወፍራም ብረት መረጡ፤ ለጥርሶቹ ከከባድ መኪና ሥር ጭነት የሚሸከመውን ባሌስትራ ቆረጡ፤ እሱ ቶሎ አይጎብጥም። የአካፋው የውስጥ ስፋት በሲባጎ ተለክቶ መጥቷል።

የቀረው የጥርሶቹ አቀማመጥ ነው።

«አፍንጫቸውን ድፋቸው» አለ አሻግሬ። «ማረሻ አፍንጫውን ካልደፋ መሬት አይገባም።»

«ይኸን ለእኔ ትነግረኛለህ?» አለ የገበሬ ልጁ ሀብተ ሚካኤል፤ ደፋቸውም። ጠያቂው አሻግሬ በዕድሜው ሙሉ «ለምን» ሳይል ያለፈው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ጥርሱ በተገጠመ ዕለት ጠዋት መንደርተኛው ኩሬው ቦታ ተሰበሰበ። አሻግሬ አካፋውን አውርዶ ነዳ። ጥርሶቹ ገቡ። ሰዉ «እሰይ» አለ። ጥርሶቹ ግን መግባታቸውን አላቆሙም፤ ወደ ታች፣ ወደ ታች ብቻ። ሊያነሣው የአካፋውን ማንሻ ዘንግ ቢስብ አካፋው ተቀብሮ ቀረና በምትኩ የትራክተሩ የኋላ ጎማዎች ከመሬት ተነሡ። ሣር እንደምትግጥ ላም አጎነበሰ። አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ሳይስቁ። «የቆላው ሹፌር ነገ ይመጣል። እንግዲህ ይውሰደው።»

አሻግሬ አፍሮ ሞተሩን አጠፋ። ከትራክተሩ ሲወርድ ሊሄድ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ወደ ቤቱ ሄዶ ተሸፋፍኖ ሊተኛ ነበር። ግን ጥርሶቹን አየ። ለምን? ብሎ እዚያው ጭንጫው ላይ ተቀመጠ፤ ሰዉ ሲበተንም አልተነሣም።

ከማዶ ወንድሙ ያርሳል። ቦራና ጓደኛው ከፊት ይስባሉ፣ ማረሻው ከኋላ ይከተላል። ቀንበሩ ያለው በሬዎቹ ጫንቃ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሲስቡት ወደ ላይም ያነሡታል። ማረሻው አፍንጫውን የሚደፋው ለዚህ ነው። ይህን አካፋ ግን የሚስበው የለም፤ ከኋላ ይገፉታል። መድፋቱም ማቅናቱም የጥርሱ ሥራ ሳይሆን የዘንጉ፣ ዘንጉን የያዘው እጅ ሥራ ነው።

ተነሥቶ የተቀበረውን አካፋ ዙሪያውን በዶማ ቆፍሮ አወጣና ቡሎኖቹን ፈታ። ከንፈሩ ላይ አስበይዶት ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ አብቅቶ ነበር። ብረቱን በአይሱዙ ጭኖ ደባርቅ ገባ። ሀብተ ሚካኤል ነገሩን ሲሰማ ጭንብሉን አወለቀ።

«እኔንም ምን ነካኝ?»

«ያንተን እንጃ። እኔስ ልቤ እስካሁን በሬ ተከትሎ ነው የሚሄደው» አለ አሻግሬ። ሀብተ ሚካኤል ጥርሶቹን ቆርጦ ከአካፋው ወለል ጋር አንድ መስመር እንዲሆኑ አድርጎ መልሶ በየዳቸው።

በማግስቱ የቆላው ሹፌር ሲደርስ አሻግሬ የመጨረሻዋን ቡሎን እያጠበቀ ነበር። «ላንዴ ብቻ» አላቸው ወይዘሮ ገበያነሽን። ነዳ። ጥርሶቹ ጭንጫውን ሰንጥቀው ገቡ፤ ዘንጉን ሲያቀና ቀና አሉ፤ አካፋው ሞልቶ ተነሣ። ገለበጠና ተመለሰ። ወይዘሮ ገበያነሽ ጥቂት ካዩ በኋላ ወደ እንግዳው ዞሩ።

«ልጄ፣ ደክመህ መጣህ። ትራክተሩ ሥራ ላይ ነው። ምሳ በልተህ ትመለሳለህ።»

ሐምሌ ላይ ኩሬው ሞላ። ጥርሱ ተፈትቶ ጎተራው ሥር ተቀምጧል። አንድ ቀን የአሻግሬ ወንድም በሬዎቹን ሊያጠጣ ነዳቸው፤ አሻግሬም ዳር ቆሞ ነበር። ቦራ አርጅቷል። አፉን ውኃው ውስጥ ነክሮ ረጅም ጊዜ ጠጣ። አሻግሬ እያነከሰ ሄዶ ሻኛውን ዳበሰው።

«ጠጣ» አለው ቀስ ብሎ። «ስከተልህ ኖሬያለሁ፤ ይኸን ግን ቀድሜህ የቆፈርሁልህ ነው።»