ኦቦ ዲሪባ የሚያጎነብሱበት ቁጥቋጦ

የባሌ አባት ኦቦ ዲሪባ ሰበታን በሙሉ ያታለሉ ሰው ናቸው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ሙያቸው ነው። የጭርት መድኃኒት ያውቃሉ። የፋርማሲ ቅባት ሁሉ ያቃተው ጭርት እሳቸው ዘንድ ሲደርስ እግሬ አውጪኝ ይላል። የልጄን አናት ያዳኑት እሳቸው ናቸውና ውሸታቸውን ነው አልልም።

ችግሩ ቅጠሉ ነው። አዋቂው ቅጠሉን ለሰው ካሳየ፣ በጣቱ እንኳ ከጠቆመ፣ መድኃኒቱ ይረክሳል ይላሉ። የሚነገረው ለአንድ ለሚወዱት ልጅ ብቻ ነው። የሚወዱት ልጅ ደግሞ ባሌ ዳዲ ነው፤ ባጃጅ ነጂ። "አባዬ፣ በየበሩ ፋርማሲ ሞልቶ ቅጠል ምን ያደርግልኛል?" እያለ ይስቃል። እኔስ? እኔ ከሆሳዕና ለፋብሪካ ሥራ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ጴንጤ ምራት ነኝ። ቤታቸውን ልጥረግ፣ ልብሳቸውን ልጠብ፣ ሙቀጫቸውን ልፈትግ፤ ምስጢር ግን ለባዳ አይነገርም። አንድ ቀን ቢጨንቀኝ "ለእኔ ይንገሩኝ" ብላቸው "አንቺ ጸሎትሽን ጸልዪ" አሉኝ። እርር ድብን አልኩ!

ጎህ ሲቀድ ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። ቆርጠው እስኪመለሱ ከሰው አይነጋገሩም። "አካም ቡልተን፣ ኦቦ?" ብለው ሰላም ቢሏቸው እንደ ደንቆሮ ያልፋሉ። ወንዙ ዳር አንድ ያማረ ቁጥቋጦ አለ። እዚያ ላይ አጎንብሰው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ በጋቢያቸው ከልለው ሲቆርጡ ማየት ነው እንግዲህ! ጎረቤታችን ባለወፍጮው ወንዲ ከአጥር ኋላ ተደብቆ አያቸውና ከዚያው ቁጥቋጦ እየወቀጠ መድኃኒተኛ ልሁን አለ። መጀመሪያ የሞከረው በገዛ አማቱ ላይ ነበር። የሴትዮዋ ፊት እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ኦቦ ዲሪባ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ዘንድሮ ደግሞ ኤዶም መጣች፤ ዩኒቨርሲቲ የምትመራመር፣ ትሁት ልጅ። ቅጠሉ አዲስ የቆዳ መድኃኒት ይወጣው እንደሆነ ላቦራቶሪ ልትፈትሸው፣ ከወጣውም የእሳቸውን ስም አብራ ልታስመዘግብ ነው። "ምን ከፋኝ፣ ልጄ" ብለው አንድ ከረጢት ሞልተው ሰጧት። ሰንብታ ተመለሰችና "አባባ፣ ይሄ እኮ የጎመን ዘር ቅጠል ነው" አለቻቸው። ሌላ ሰጧት። እሱም የድንች ሆኖ ተገኘ። "ላቦራቶሪያችሁስ ጎበዝ ነው!" ብለው አደነቁላት። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ወንዙ ዳር ለመጋዘን ተሰጥቷል፣ ኤክስካቫተር ሊገባበት ነው የሚል ወሬ መጣ። ኦቦ ዲሪባ ቅጠላቸውን ፍለጋ ቡራዩ ወጡ፣ ሱሉልታ ወጡ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እህል አልወርድ አላቸው። አንጀቴን በሉኝ።

"አባባ፣ ይንገሩንና ነቅለን ግቢ እንትከለው" አልኳቸው።

"ይረክሳል።"

"ከጠፋ በኋላስ ምኑ ነው የሚረክሰው?"

ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሰፈሩ ግን ይወዳቸዋል። ኤክስካቫተሩ የገባ ዕለት ወንዲ ጎረቤቱን ሰብስቦ፣ ዶማና አካፋ አስይዞ ከች አለ። ያን ያማረ ቁጥቋጦ ከነአፈሩ ነቅለው፣ እልል እያሉ የዳዲ ባጃጅ ላይ ጫኑት። ኤዶምም ሰምታ መጥታ ኖሮ ፎቶ ታነሳለች። "ኦቦ፣ መድኃኒትዎን አዳንልዎት!" አለ ወንዲ፣ ላቡን እየጠረገ።

እሳቸው ቁጥቋጦውን ዞር ብለውም አላዩት። የሚያዩት ከማዶ ያለውን፣ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ የሚሸናበትን የድንጋይ ክምር ነበር። የኤክስካቫተሩ ክንድ ወደዚያ ሲዞር ጣታቸውን ቀስረው ጮኹ።

"እዚያ ነው! አረሙ ውስጥ ነው! አቁሙት!"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። "አይ ኦቦ ዲሪባ፣ ዛሬም አልተዉንም!" አለ ወንዲ። "ሽንት ቤታችንን መድኃኒት ነው ሊሉን!" ዳዲ ሳይቀር ሳቀ። ኤዶም ጎመን ዘሩ ትዝ ብሏት ነው መሰለኝ፣ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

ወደ እኔ ዞሩ። "ደስታነሽ፣ ልጄ፣ እውነቴን ነው" አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም።

ጫማዬን ጥዬ ሮጥኩ። ሹፌሩ እናቴን አባቴን እየሰደበ ማሽኑን አቆመ። ክምሩ ሥር የበቀለው አረም ብዙ ዓይነት ነው፤ እኔ ግን ቅጠሉ ሻካራ የሆነውን ብቻ መርጬ ከነሥሩ ነቀልኩና በቀሚሴ ታቅፌ መጣሁ።

አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። "የትኛው እንደሆነ አልነገርኩሽም እኮ! በምን አወቅሽው?"

"ሙቀጫውን ማን የሚያጥበው መሰለዎት፣ አባባ?"

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልሽ?"

"አልሰጡኝማ።"

ኦቦ ዲሪባ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ እጄን ይዘው እትፍ እትፍ እያሉ መረቁኝ። ጴንጤ ነኝ ብዬ እጄን ልነጥቃቸው ከጀለኝ፤ አልነጠቅኳቸውም፤ አለቀስኩ።

ሲበቃቸው ኤዶምን በአገጫቸው አሳዩኝና "በይ፣ ለዚያች ልጅም ቅጠል ስጫት" አሉኝ።

"የትኛውን፣ አባባ?" አልኳቸው።