አንጎል ስንመድብ የያዘን ይሉኝታ

የሰው አንጎል ገጽ እጥፋት እንደ መልክ ነው፤ ከሰው ሰው ይለያል። እኔ ደግሞ ሆሳዕና ተቀምጬ፣ ለማስተርስ ማሟያዬ፣ ከአዲስ አበባ በሃርድ ዲስክ የመጡ የኤምአርአይ ምስሎችን እመድብ ነበር። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። በአንጎል የውስጥ ገጽ፣ ወደ ግንባር በኩል፣ አንድ ረጅም ቦይ አለ። አንዳንድ ሰው ከእሱ በላይ ሁለተኛ ቦይ ይኖረዋል፣ አንዳንዱ አይኖረውም። «የለም»፣ «አለ»፣ «ጎልቶ አለ» እያሉ ቅጽ መሙላት ነው። እናቴ ከሺንሺቾ ደውላ «ዛሬስ ምን ሠራህ?» ስትለኝ «የሰው ጭንቅላት ስለቅም ዋልኩ» እላታለሁ።

ደንቡ ግን ሁለት ሰው ለየብቻው ይመድብ ይላል፤ የአንድ ሰው ዓይን አይታመንም። ሁለተኛው ዓይን የአናቶሚ አስተማሪዬ የነበሩ፣ አሁን ቢሮና ጠረጴዛ የሚጋሩኝ አንጋፋ መምህር ሆኑ። የጊምቢቹ ሰው ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። እሳቸው አፋቸውን በሀዲይኛ፣ እኔ በከምባትኛ ፈታን፤ ይሉኝታው ግን የጋራችን ነው።

ቅጻቸው ጠረጴዛው ላይ ይውላል። ምሳ ሲወጡ አየት ማድረግ ጀመርኩ። የተለያየንበት ሲገጥመኝ የራሴን ሰርዤ የእሳቸውን እጽፋለሁ። ምን ላድርግ? የአንጎልን ክፍሎች አንድ በአንድ ያስጠኑኝን ሰው፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ተሳስተዋል» ልበላቸው?

አማካሪዬ ውጤቱን አይታ ደወለች።

«ሁለት ሰው ነው የመደበው፣ ወይስ አንድ ሰው በሁለት እስክሪብቶ?»

ሰው አንድም ቦታ ሳይለያይ እንዲህ አይስማማም አለችኝ። በተለያየ ክፍል ሆናችሁ እንደገና ሥሩ፣ አለበለዚያ ዘንድሮ መመረቅ የለም። እናቴ ደግሞ ለምረቃዬ በግ ማየት ጀምራለች።

እንደገና ሠራን። ቅጾቹ ሲተያዩ ጉድ ፈላ፤ ብዙ ምስል ላይ አልተገናኘንም። የተለያዩበትን ፊት ለፊት ተወያይቶ መወሰን ግዴታ ስለሆነ ላፕቶፑን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ እርስዎ የለም ብለዋል። ለእኔ ግን ያለ ይመስለኛል።»

እሳቸውን ስቃወም የመጀመሪያዬ ነበር። ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፤ አፍንጫቸው ሊነካው ምንም አልቀረውም።

«እስቲ በጣትህ አሳየኝ።»

አሳየኋቸው። ሁለተኛው ቦይ ከዳር እስከ ዳር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አይታየኝም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዓይኔን ሞራ ይዞታል መሰለኝ። ከጀመረኝ ከርሟል። እስካሁን ብዙውን በግምት ነው የሞላሁት።»

ሳቄ መጣ፣ ወዲያው እፍረት ዋጠው። ለካ በዓይኔ ያየሁትን እየሰረዝኩ የእሳቸውን ግምት ስገለብጥ ነው የከረምኩት።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«እኔም ተጠራጥሬ ነበር እኮ። አንተ ስትወጣ ቅጽህን ገልጬ አያለሁ። የገመትኩት ሁሉ ካንተ ጋር ይገጥማል። እንግዲያው ዓይኔ ገና አልከዳኝም ብዬ ሐኪም ቤት መሄዱን ተውኩት።»

ያን ሁሉ ጊዜ ከሐኪም ያስቀራቸው የእኔ አክብሮት ነበር። ላፕቶፑን ዘጋሁና ወደ ዓይን ክሊኒክ ልወስዳቸው ተነሳሁ።